ግድግዳው ቆሞ ቤቱ የሄደበት ከተማ

ከዴንቨር በስተምዕራብ ለአንድ ሰዓት ያህል ተራራውን የወጣ ሰው ብላክ ሆክን ያገኛል። ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ሴንትራል ሲቲ አለች። ሁለቱም የወርቅ ቆፋሪዎች ከተሞች ነበሩ። ሴንትራል ሲቲ ወደ 2,590 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባም ትበልጣለች። ኮሎራዶ የምንኖር ሐበሾች ቦታውን የምናውቀው ባብዛኛው በካዚኖዎቹ ነው። የሚሠራበትም የሚጫወትበትም አለ። የእኔ ጉዳይ ግን ስለ ቤቶቹ ነው።

ነገሩ የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1859 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጆን ግሪጎሪ የሚባል ሰው እዚያ ሸለቆ ውስጥ ወርቅ ያዘለ አለት አገኘ። ሰው ጎረፈ። የእንጨት ቤቶች በየገደሉ ላይ ተደረደሩ። በ1874 እሳት ተነሳና የሴንትራል ሲቲን አብዛኛውን ክፍል በላው። ነዋሪው ተስፋ አልቆረጠም፤ በጡብና በድንጋይ መልሶ ሠራው። ዛሬ ዋናው መንገድ ላይ የምናየው የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ኦፔራ ቤቱ ነው። በ1878 ተከፈተ። ንድፉን ያወጣው ሮበርት ሮሽላውብ ነው። ከኮርንዎልና ከዌልስ የመጡት ማዕድን ቆፋሪዎች መዘመር የሚወዱ ሰዎች ነበሩ፤ ግንባታውም ላይ እጃቸው አለበት። ቀን ጉድጓድ ውስጥ የሚውል ሰው ማታ የሚዘምርበት ቤት ያስፈልገኛል ብሎ በድንጋይ መገንባቱ ትልቅ ነገር ነው። ማዕድኑ ሲነጥፍ ቤቱም ተዘጋ። አን ኢቫንስና አይዳ ክሩስ ማክፋርሌን የተባሉ ሁለት ሴቶች ተነሥተው አሳደሱት፤ በ1932 እንደገና ተከፈተ። እስከ ዛሬም በበጋ ኦፔራ ይታይበታል። ቤቱ የዳነው ሥራው ስለተመለሰለት ነው።

በ1990 ግን ሌላ መንገድ ተመረጠ። የኮሎራዶ ሕዝብ በእነዚህ ሁለት ከተሞችና ክሪፕል ክሪክ በምትባል ሌላ የወርቅ ከተማ ቁማር እንዲፈቀድ ድምፅ ሰጠ፤ ጨዋታው በጥቅምት 1991 ተጀመረ። ምክንያቱ መልካም ነበር። ከተሞቹ እየፈራረሱ ነበርና ማደሻ ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር። ክልሉ ከቁማሩ ታክስ 28 በመቶው ለታሪካዊ ቅርስ ፈንድ እንዲውል ደነገገ። በዚህ ገንዘብ በመላው ኮሎራዶ ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ቤተ ክርስቲያን፣ ስንት የባቡር ጣቢያ ከመፍረስ ተርፏል! ይህን አልክድም፤ ደስም ይለኛል።

ቁማሩ የገባባቸው ቤቶች ግን ምን ሆኑ? ፊት ለፊታቸው ቀረ፣ ውስጣቸው ተጠርጎ ወጣ። የቁማር ማሽን ሰፊ ወለል ይፈልጋልና ግድግዳና ደረጃ እየፈረሰ ሕንፃ ከሕንፃ ተቀላቀለ። የቦታ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ የሰፈሩ ሱቆች ተዘጉ። ሕጉ ሕንፃዎቹ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረውን የአሠራር ዘይቤ እንዲከተሉ ያዛል። ያም ሆኖ ብላክ ሆክ ውስጥ በ2009 ባለ 33 ፎቅ ሆቴል ተከፍቷል። ሕጉ ስለ ዘይቤ አሰበ፤ ስለ ልክ ግን በደንብ አላሰበም። በ1863 የተሠራው ሌስ ሃውስ፣ ያ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ እንጨት ያለው ውብ ቤት፣ ከቦታው ተነሥቶ ሌላ ስፍራ ተተክሏል። መትረፉ ጥሩ ነው። ግን የቆመበት ጎዳናና ጎረቤቱ አብረውት አልሄዱም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይበልጥ የተጎዳችው የተሻለ የጠበቀችው መሆኗ ነው። ሴንትራል ሲቲ አሮጌ ሕንፃዎቿን ይዛ ስትቆይ ብላክ ሆክ ከታች ሆና ትልልቅ ካዚኖ ሠራችና እንግዳውን መንገድ ላይ አስቀረችው። ሴንትራል ሲቲ በ2004 ከአውራ ጎዳናው የሚያደርስ የራሷን መንገድ እስከ መክፈት ደረሰች፤ ፉክክሩ ግን አልቀናትም።

እኔ ቁማሩ ይዘጋ አልልም። ከዚያ ፈንድ 20 በመቶው ለሦስቱ የቁማር ከተሞች ተመልሶ ይሰጣል። ገንዘቡ ለጣሪያና ለፊት ግድግዳ ብቻ አይዋል ነው የምለው። ዳቦ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ መኖሪያ ከፍቶ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ለሚገባ ሰው ኪራዩን ይደግፍበት። የከተማው ምክር ቤትም ፈቃድ ሲሰጥ ስለ ደረጃው፣ ስለ ጣውላው፣ ስለ ክፍሎቹ ይጠይቅ። በ1872 የተሠራው ቴለር ሃውስ እዚያው ኦፔራ ቤቱ አጠገብ አለ። ፕሬዚዳንት ግራንት በ1873 ሲመጣ ከደጁ በተነጠፈ የብር ጡብ ላይ ተራምዶ የገባበት ሆቴል ነው። ሥራው በእሱ ቢጀመር ደስ ይለኛል።