ላባ ከሌለሽ አትገቢም

የግብዣው በር ላይ የቆመችው አስተናጋጅ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «የኔ እህት፣ ጥሪው የ1920ዎቹ አለባበስ ነው የሚለው» አለችኝ። ለብሻለሁ እኮ አልኳት። ሳቀች። «ፊልሙን አላየሽውም እንዴ?»

የ2013ቱን «ዘ ግሬት ጋትስቢ» ማለቷ ነው። አይቼዋለሁ። ያውም ሦስት ጊዜ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቁጠሩልኝ።)

ተከራክሬ ገባሁ። ነገሩ እዚያው ቢያበቃ ይህን አልጽፍም ነበር። ሰሞኑን ግን አዘጋጆቹ ለቀጣዩ ምሽት አዲስ ጥሪ ላኩ፤ የዚህኛው ደግሞ ሕግ አለው። ሴቶች ዘርፍ ያለው አጭር ቀሚስ፣ ላባ የተሰካበት የግንባር ማሰሪያ፣ ረጅም የዕንቁ ሐብልና እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት ማድረግ አለባቸው። ያላሟላች አትገባም። ምክንያቱ? «የዘመኑን እውነተኛ መልክ ለመጠበቅ።»

እውነተኛ! ይቺን አንዲት ቃል ባይጨምሩ ዝም እል ነበር።

እሺ፣ ከ«አጭር ቀሚስ» እንጀምር። አሥር ዓመቱ ሲጀምር የቀሚስ ጠርዝ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ነበር። ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ከፍ አለ። በጣም አጠረ በተባለበት በ1926 እና በ1927 እንኳ ያረፈው ከጉልበት ዝቅ ብሎ ነው። እኔን ልትመልሰኝ የነበረችው ልጅ ቀሚስ ከጉልበቷ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ነበር። ሁሉም የሚጠቅሱት ያ የ2013ቱ «ዘ ግሬት ጋትስቢ» የተሠራበት ልብ ወለድ ደግሞ ታሪኩ የሚፈጸመው በ1922 ነው። ያኔ ቀሚስ ከባት በታች ይወርድ ነበር። ስለዚህ የልብ ወለዱ ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ ዴዚ ራሷ ከመጽሐፉ ወጥታ ብትመጣ በዚህ ሕግ በሩ ላይ ትቀር ነበር።

ስንከራከር የአስተናጋጇን ልብስ በደንብ አየሁት። ጀርባው ላይ የፕላስቲክ ዚፕ አለው። ጨርቁ ላስቲክ ነው፣ ወገቧን ጥብቅ አድርጎ ይዟታል። ዘርፉ ደግሞ ፖሊስተር ነው፣ ስትንቀሳቀስ ጭኗ ላይ እየተለጠፈ አስቸገራት፤ ሁለት ሦስት ክር ወለሉ ላይ ወድቋል። ፖሊስተር የተፈለሰፈው በ1941 ነው። እንደዚያ የሚለጠጠው ክር በ1958። ከ1920ዎቹ የቀረላት ላባው ብቻ ነው፤ እሱም የዶሮ መሰለኝ።

ልጅቷን ለማማት አይደለም። ፊልሙ ላይ ያየችውን ለበሰች። ፊልሙ ግን ምን አሳያት? ለዚያ ፊልም ግብዣዎች ጣሊያናዊቷ የፋሽን ዲዛይነር ሚውቺያ ፕራዳ 40 ያህል ቀሚሶች አዘጋጅታለች፤ መነሻ ያደረገችው ደግሞ የራሷ ድርጅት ከዚያ በፊት ያወጣቸውን ልብሶች ነው። ማለትም የ1920ዎቹ ነው ብለን የምንምልበት መልክ በከፊል የፕራዳ የቅርብ ጊዜ ቁም ሳጥን ነው። የፊልም ሥራ እንዲህ ነው፣ ለተመልካች ያምራል፣ ኦስካርም አግኝቶበታል። እኔንም ወደዚህ ልብስ ያመጣኝ ፊልም ነው፣ አልክድም። ግን ፊልም ሕግ ሆኖ በር ላይ ሲቆም ያናድዳል።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላ ነው። የዚያ ዘመን ልብስ ትልቁ ነገሩ ቅዱ ነበር። ወገቡ ወደ ዳሌ ወረደ፣ ቀሚሱ ከትከሻ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ሄደ። ከዚያ በፊት ያማረ የሴት ልብስ ማለት ወገብ ላይ የሚጠብ፣ ደረት ላይ የሚቀረጽ፣ ስፌቱና ማሰሪያው የማያልቅ ነገር ነው። እሱን ለመስፋት የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል፣ ለእጁ የሚከፈል ገንዘብም። ቀጥ ያለ ቀሚስ ግን ምን አለው? ሁለት የጎን ስፌት፣ ለአንገትና ለክንድ ቀዳዳ፣ አበቃ። በ1924 አሜሪካ ውስጥ ቀሚስ በአንድ ሰዓት ሰፍቶ መጨረስ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ነበር። አንድ ሰዓት! እኔ የሰፋሁት ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ አምስት ሰዓት ፈጅቶብኛል፣ የእኔ እጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጀምሬ ከሰዓት በኋላ ለበስኩት። በራስ ይጠለቃል፣ ዚፕ የለውም። መታጠቂያው ዳሌ ላይ ነው፣ በግራ በኩል አራት ሽንሽን አለው። እሱ ለጌጥ አይደለም፤ ስሮጥ፣ ደረጃ ስወጣ፣ ስደንስ ይከፈትልኛል። በሩ ላይ የተናቀው ይህ ቀሚስ ነው።

ፊልም ማየት ግድ ከሆነ የዚያኑ ዘመን ፊልም እንይ። በ1927ቱ «ኢት» ላይ ተዋናይቷ ክላራ ቦው የሱቅ ሠራተኛ ናት። ትልቅ ሆቴል እራት ትጋበዛለች፣ የምሽት ልብስ የላትም። ምን አደረገች? ቀን ሥራ የዋለችበትን ቀሚስ በመቀስ ቆርጣ የማታ አደረገችው። ይኸው ነው 1920ዎቹ! የሱቅ ልጅ በመቀስ የምትሠራው ፋሽን። ቮግ የተባለው የፋሽን መጽሔትም በ1926 የፈረንሳዊቷን ዲዛይነር የኮኮ ሻኔልን ጥቁር ቀሚስ ሲያወጣ ከፎርድ መኪና ጋር ነው ያመሳሰለው፤ ሁሉም ሰው የሚኖረው ነገር ለማለት። ዘርፍ የለውም፣ ላባ የለውም። የ2013ቱ ፊልም ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መርጦ የሀብታም አዳራሽ ብቻ አሳየን፣ እኛም ዘመኑ ሌሊቱን በሻምፓኝ ሲራጭ የኖረ መሰለን። ቀን ቀን ምን ይለበስ እንደነበር የጠየቀ የለም።

«ጡታቸውን ጨፍልቀው ያስሩ ነበር፣ ምን ነፃነት ነው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ያስሩ ነበር፣ እሺ። እኔ አላስርም። መቶ ዓመት ቆይቶ መልበስ ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ደስ ያለህን ትወስዳለህ።

ደግሞ ሁሉም ቀሚስ ቀጥ ያለ አልነበረም። ፈረንሳዊቷ ዲዛይነር ዣን ላንቫን በዚያው አሥር ዓመት ከዳሌ በታች ግራና ቀኝ የተነፋ ሰፊ ቀሚስ ትሠራ ነበር። እሷም ትመለስ እንግዲህ።

ወንዶቹስ? ጥሪው ለእነሱ «ሱፍ» ብሎ አልፏቸዋል። አንዲት ቃል! በ1925 ገደማ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ጫማቸውን የሚውጥ ሰፊ ሱሪ ለብሰው ሰውን ጉድ አሰኝተዋል። እሱን ልበሱ ያላቸው የለም። ላባ የሚቆጠረው ሴት ላይ ሲሆን ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ግብዣ ነው፣ ምን ታካብጂያለሽ» አለኝ። ግብዣ ከሆነማ ሰው እንደፈለገው ይልበስ፣ በላባም በፖሊስተርም ይጨፍር፣ እኔ ምን አገባኝ። ያካበዱት እነሱ ናቸው፤ ሕግ ያወጡት፣ በር ላይ ሰው ያቆሙት፣ «እውነተኛ» ያሉት።

ለቀጣዩ ምሽትም ያንኑ ሰማያዊ ቀሚስ እለብሳለሁ። አሁን ክሎሽ ባርኔጣ ጨምሬበታለሁ፤ ስሙ በፈረንሳይኛ ደወል ማለት ነው፣ ቅርጹም ደወል ነው። እስከ ቅንድብ ስለሚደፋ አገጭን ቀና ካላደረጉ ፊት ለፊት ያለውን ሰው በደንብ አያሳይም። አስተናጋጇንም እንደዚያው ቀና ብዬ ነው የማያት። የቀን ባርኔጣ ነው፣ ለማታ ግብዣ አይደረግም ነበር። ይህን አውቀው ከመለሱኝ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።