ከአሜሪካ የተዋስነው ክርክር

ባሕር ዳር ላይ የዝግመተ ለውጥ ነገር ሲነሳ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ካላችሁ ዝንጀሮ ዛሬም ለምን አለ?» «ቲዎሪ እኮ ነው!» «መሸጋገሪያ ቅሪተ አካል አልተገኘም።» በቴሌግራም ይዞራል፣ በዩቲዩብ ይሰበካል፣ ከዚያ ባዮሎጂ ክፍል ይገባል። እኔም ዓለምን እግዚአብሔር ፈጠረ ብዬ የማምን ኦርቶዶክስ ነኝ። እነዚህ መልሶች ግን ከእኛ ቤት የወጡ አይደሉም።

ዋናው ምንጫቸው የአሜሪካ ወግ አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ነገሩ የተጧጧፈው እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ዊትኮምብና ሄንሪ ሞሪስ ስለ ጥፋት ውኃ የጻፉት መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ነው። ቅሪተ አካላቱን በአብዛኛው የቀበራቸው የኖኅ ዘመን ጎርፍ ነው አሉ። ተከታዮቻቸው ለምድር የሚሰጧት ዕድሜ 6 ሺህ ዓመት ገደማ ነው።

ይህን ቁጥር ይዞ ጎጃም መምጣት ድፍረት ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ የኔታ ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ብቻ 5500 ዘመን ነው ይሏችኋል። ዓመተ ምሕረቱን በዚያ ላይ ደምረው ለአራት ያካፍሉታል፦ አንድ ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡትም ከዚሁ ድምር ተነስቶ ነው። ቁጥሩ ሥራ አለው። የድንጋይ ዕድሜ እንዲለካ መጫን ግን ያለ ሥራው ማዋል ይመስለኛል።

ወደ ክርክሮቹ እንምጣ። ከዛሬው ዝንጀሮ መጣን የሚል ባዮሎጂስት የለም፤ የጋራ ዘር ግንድ አለን ነው የሚሉት። የአጎትህ ልጅ በሕይወት ስላለ አያትህ አልነበሩም አይባልም። መሸጋገሪያ ለሚፈልግ ደግሞ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ አለች። ዳሌዋና ጉልበቷ ቆሞ የሚሄድ ፍጡር፣ የአንጎሏ መጠን ግን ለቺምፓንዚ የቀረበ።

አፋር ድረስ መሄድም አያስፈልግም። የጣና አስጋሪዎች አምባዛ፣ ቆሮሶ፣ ነጭ ዓሣ ብለው ይለያሉ። ነጭ ዓሣ በሚባለው ውስጥ ተመራማሪዎች 15 ገደማ ዝርያዎች ለይተዋል፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም የሉም። ግማሽ ያህሉ ዓሣ በል ናቸው። የሚገርመው ይሄ ነው፤ የዚህ ወገን ዓሦች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። አንዱ አፉ ሰፍቶ ያሳድዳል፣ ሌላው ቁልቁል ዞሮ ከጭቃ ይለቅማል። ከታች ያለው የአባይ ዓሣ ሽቅብ እንዳይመጣ ጢስ ዓባይ ዘግቶታል። የሐይቁ ደለል ሲጠና ደግሞ ጣና ከዛሬ 15 ሺህ ዓመት ቀደም ብሎ ደርቆ እንደነበር ታይቷል። እንግዲህ እነዚህ ዓሦች የተለያዩት ከዚያ ወዲህ፣ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ዘመን ከ6 ሺህ ጋር ብቻ ሳይሆን ከእኛም ቁጥር ጋር አይገጥምም። አልደብቀውም።

«ዓሣው ዓሣ ሆኖ ቀረ፤ በወገኑ ውስጥ መለወጥን ማን ካደ?» ይላሉ የ6 ሺህ ዓመት ሰዎች። ብልህ መልስ ነው። ችግሩ የወገኑ አጥር የት ጋ እንደሚቆም አይነግሩንም። እንዲያውም ከኖኅ መርከብ የወጣ አንድ ጥንድ የድመት ወገን በጥቂት ሺህ ዓመታት አንበሳም፣ ነብርም፣ የቤት ድመትም ሆነ ይላሉ። ዳርዊን ራሱ እንዲህ አልቸኮለም!

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። የመጀመሪያዋ ሕይወት እንዴት ጀመረች ለሚለው የዳርዊን ሐሳብ መልስ አይደለም፤ የእሱ ነገር የሚጀምረው ሕይወት ካለች በኋላ ነው። «ስለዚህ ፈጣሪ የለም» የሚል መምህርም ባዮሎጂውን ትቶ ሌላ ስብከት ገብቷል።

እኔን ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ግን ሌላኛው መምህር ነው። «እኔም አላምንበትም፣ ብቻ ፈተና ላይ ስለሚመጣ ሸምድዱት» የሚለው። ነጭ ዓሣ እኮ ሐይቁ ዳር ይሸጣል። ሁለት ሦስት ገዝቶ፣ ክፍል ወስዶ፣ አፋቸውን ከፍቶ ማሳየት ምን ይከብዳል? የሚጠይቅ ተማሪ ካለ ደግሞ እሰየው፣ ይጠይቅ።