ጁሊያ ሞርጋን የመጀመሪያዋ አይደለችም

ወንድሜ፣ ስለ ጁሊያ ሞርጋን የጻፍከው ደስ ይላል። «የአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት አርክቴክት» ያልከው ላይ ግን ላርምህ። ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ሉዊዝ ቤቱን (Bethune) የምትባል አርክቴክት በ1881 (ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኒው ዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ከተማ ውስጥ የራሷን ቢሮ ስትከፍት ጁሊያ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች።

የጁሊያ ቀዳሚነት ሌላ ቦታ ነው። ከፓሪሱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ከኤኮል ደ ቦዛር፣ በአርክቴክቸር የምስክር ወረቀት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፣ በ1902። የመግቢያ ፈተናውን ያለፈችው በሦስተኛው ሙከራ ነው። በ1904 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሙያ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

እና ባክህ፣ «የኸርስት ካስል (የጋዜጣ ባለጸጋው የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት የካሊፎርኒያ ቤተ መንግሥት መሰል መኖሪያ) አርክቴክት» ብቻ ብለን አንለፋት። እርግጥ እዚያ ከ1919 ጀምሮ ወደ 28 ዓመት ለፍታለች። ቅዳሜና እሁዷን ከሳን ፍራንሲስኮ በባቡር እየተመላለሰች ነው የሠራችው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባለችው ኦክላንድ፣ ሚልስ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ የነደፈችው የደወል ማማ ነው። ቁመቱ 22 ሜትር ገደማ፣ ብረት የገባበት ኮንክሪት። በ1906 ያ ርዕደ መሬት ሳን ፍራንሲስኮን ሲያፈራርስ ማማው እንደቆመ ቀረ። ሥራ የጎረፈላትም ከዚያ ወዲህ ነው።