ሲአርፒ ይጨመር ወይስ ግፊቱ በወጉ ይለካ?

በኮዬ ፈጬ እና አካባቢው ለእርግዝና ክትትል የሚመጡ እናቶች ሁሉ ፕሪኤክላምፕሲያን (በእርግዝና ወቅት ከደም ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣ አደገኛ በሽታ) አስቀድሞ ለመለየት የሲአርፒ (ሰውነት ሲቆጣ በደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ምርመራ ይደረግላቸው? ሁለት ባለሙያዎች ተከራክረውበታል።

የላብራቶሪ ባለሙያው፦ ሲስተር፣ እኔ ይደረግ ባይ ነኝ። ይህ በሽታ የግፊት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የእንግዴ ልጁ በቂ ደም ሳያገኝ ሲቀር የሚለቃቸው ነገሮች የእናትየዋን የደም ሥሮች ያስቆጣሉ። ኢንተርሉኪን 6 የተባለው የመቆጣት መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲን ይጨምራል፤ ጉበትም ይህን ተከትሎ ሲአርፒ በብዛት ያመርታል። በታመሙት ደም ውስጥ ሲአርፒ ከጤነኛ ነፍሰ ጡሮች ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ሌላው የመቆጣት ምልክት፣ የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት (የሁለት ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች) ንጽጽር ደግሞ ከሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ውጤት ላይ ይሰላል። ግፊቱ እስኪወጣ ለምን እንጠብቃለን?

አዋላጅ ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ሳይንሱ ላይ አልከራከርህም። ግን ወረቀቱ እጄ ሲገባ ምን ላድርግበት? ሲአርፒ በጤነኛ እርግዝናም ከፍ ይላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያለባትም፣ ውፍረት ያላትም ከፍ ይልባታል። ለየትኛዋ ነው ሪፈር የምጽፈው? ደግሞ አብዛኛው ልዩነት የታየው ከታመሙ በኋላ ነው። መታመሟን ማሳየትና እንደምትታመም መተንበይ ለየቅል ናቸው።

እኛ ጋ የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ከባጃጅ ወርዳ እያለከለከች የገባችን ሴት ሳናሳርፍ እንለካለን። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ የግፊት መለኪያ መጠቅለያ (ካፍ) እንጠመጥማለን፤ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። የሽንት ስትሪፕ (በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን የሚያሳየው መመርመሪያ) አለቀ ተብላ ውጭ ትላካለች፤ ብር ከሌላት ሳትመረመር ትቀራለች። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ 140/90 ከደረሰች፣ ራሷን ካመማት፣ ዓይኗ ብዥ ካለባት፣ የሚያድናት ፍጥነት ነው። ማግኒዝየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት የኤክላምፕሲያን (በዚሁ በሽታ የሚመጣውን የሚጥል መንቀጥቀጥ) ስጋት በግማሽ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የማግፓይ ጥናት አረጋግጧል።

የላብራቶሪ ባለሙያው፦ እሱ ከታመመች በኋላ ነው። መከላከሉስ?

አዋላጅ ነርሷ፦ በመጠየቅ ይጀመራል! ባለፈው እርግዝናሽ ግፊት ነበረብሽ? ስኳር፣ ኩላሊት አለብሽ? መንታ ነው? ስጋት ላለባት ከ20ኛው ሳምንት በፊት አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ማስጀመር ይቻላል። ለዚህ ሲአርፒ አያስፈልግም።

የላብራቶሪ ባለሙያው፦ ይሁን፣ ለሁሉም የሚለውን ልተወው። ስጋት ያለባቸውን ግን ከመጀመሪያው ክትትል እስከ ወሊድ ብንከታተል የራሳችን መረጃ ይኖረናል። ይህን አለቅም።

አዋላጅ ነርሷ፦ በፈቃዷ ከሆነና ከኪሷ ካልከፈለች እስማማለሁ። ስትሪፑ ግን መጀመሪያ ይገዛ።