ሬሳ ሳጥን አጠገብ የተደነሰ ዳንስ

የፖግስ ባንዱ ድምፃዊ ሼን ማክጋዋን በዲሴምበር 2023 ሲሸኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዳንስ ነበር። ቦታው አየርላንድ፣ ቲፐሬሪ አውራጃ፣ ኒና ከተማ ነው። ሙዚቀኞቹ ዝነኛውን የገና ዘፈኑን ጀመሩ፤ በበዓል ቀን የሚሰዳደቡት የሁለቱ ፍቅረኞች ዘፈን ማለቴ ነው። ቤተሰቦቹ ሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ተነስተው ደነሱ። ቪዲዮውን ያየ ብዙ ሰው "ምን ጉድ ነው?" አለ።

ለአየርላንዶች ግን ጉድ አይደለም። ድሮ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ቤት ያድራል። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ትምባሆው ይጨሳል፣ ተረቱ ይወራል፣ ጨዋታው ይደራል። እዚያው አልቃሾቹ ሙሾ ያወርዳሉ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጳጳሳት ደጋግመው ከለከሉ፤ ሰሚ ግን ብዙም አላገኙም።

እኔን የሚያስገርመኝ ሌላው ለቅሶ ነው፤ ላልሞተ ሰው ይደረግ የነበረው። ከ1845 ጀምሮ በሽታ የድንች ሰብሉን ሲያጠፋው አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በረሃብና በወረርሽኝ አለቀ፤ ከዚያ የማያንስ ተሰደደ። በዚያ ዘመን ልጅ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ሲል በዋዜማው ድግስ ይደገስ ነበር። ስሙም "የአሜሪካ ለቅሶ" ነው። ወላጆቹ ዳግም እንደማያዩት ያውቁታል። እስኪነጋ ይጨፈራል። ሲነጋ እናት ልክ እንደሞተ ሰው ታለቅስለታለች። ያው ቫዮሊን፣ ያው ሌሊት።

ስለዚህ የአየርላንድ ሙዚቃ "ደስታና ሐዘን የተቀላቀለበት ሙዚቃ" ሲባል አይዋጥልኝም። መጀመሪያ መቼ ተለያዩና! በርካታ ዜማዎች ዶሪያን በሚባለው ስኬል (ቅኝት) የተሠሩ ናቸው፤ ሐዘን ሐዘን የሚለው ማይነር ነው ስትሉ ስድስተኛዋ ኖታ ከፍ ትልና ታበራዋለች። በፍጥነት ሲመቱት የሚያስጨፍረውን ዜማ ቀስ አድርገው ሲጫወቱት ሆድ ያባባል። በጥንቱ ባህላቸውም በገና ደርዳሪ ሦስት ነገር መቻል ነበረበት፦ ማስለቀስ፣ ማሳቅ፣ ማስተኛት። አንዱ ከጎደለው ባለሙያ አይባልም።

በየዓመቱ ማርች 17፣ በአየርላንዶች በዓል በቅዱስ ፓትሪክ ቀን፣ ዓለም የሚገዛው ግን ግማሹን ነው። አረንጓዴ ባርኔጣ፣ ቢራ፣ ጩኸት። ፊልም ሠሪዎች ደግሞ ሌላውን ግማሽ ይወስዳሉ፤ ጭጋግ፣ ገደል፣ የምታለቅስ ዋሽንት። ሁለቱም ያናድዱኛል።

ሙሉውን ለማየት በምዕራብ አየርላንድ ወደሚገኝ አንድ ትንሽ መጠጥ ቤት መግባት ይሻላል። ጨዋታው ደምቆ ሳለ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ያለ መሣሪያ በአይሪሽ ቋንቋ ያዜማል። ቤቱ ጸጥ ይላል። አንዳንዴ አጠገቡ ያለው ሰው እጁን ይዞ ከዜማው ጋር ቀስ እያለ ያሽከረክርለታል። ሲጨርስ ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ ጥግ የተቀመጠችው ቫዮሊኗን ታነሳና እግር ሁሉ ወለሉን መምታት ይጀምራል።