«የአፍሪካ አማዞን» እያላችሁ የእቁብ ገንዘብ አታስበሉ

ባለፈው እሑድ ማታ አንድ «የኢንቨስትመንት አማካሪ ነኝ» የሚል ሰው በቲክቶክ ላይቭ ሲያወራ ሳዳምጥ አመሸሁ። አድማጩ አብዛኛው እንደኔ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖር፣ ገና ከሥራ የገባ ሐበሻ ነው። ሰውየው እንዲህ አለ፦ «እቁብ ሲደርሳችሁ መኪና አትቀይሩ። የኢ-ኮሜርስ አክሲዮን ግዙ። በ1997 አማዞንን የገዛ ዛሬ ሚሊየነር ነው። ጁሚያ ደግሞ የአፍሪካ አማዞን ነው።»

የመኪናውን እቀበላለሁ። ሌላው ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ከአማዞን ልጀምር፤ ሁሉም እሱን ነው የሚጠራው። በ1999 መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የአማዞን አክሲዮን ከ100 ዶላር በላይ ነበር። በ2001 ከ6 ዶላር በታች ወረደ። የ1999ን ከፍተኛ ዋጋ ተመልሶ ለማለፍ እስከ 2009 ፈጀበት። እስቲ ንገሩኝ፣ የእቁብ ገንዘቡ ተንኖ 6 ዶላር ሲቀርለት፣ የቤት ኪራይ እየከፈለ፣ ወደ ሀገር ቤት እየላከ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሳይሸጥ የሚቀመጥ ማነው? ደግሞስ በዚያው ሰሞን የቤት እንስሳት እቃ በኦንላይን ይሸጥ የነበረውን ፔትስ ዶት ኮምን የገዛው የት ደረሰ? ኩባንያው በ2000 መጀመሪያ አክሲዮን ሸጦ ዓመቱ ሳያልቅ ተዘጋ። አስቤዛ በኦንላይን ይሸጥ የነበረው ዌብቫንም በ2001 ከሰረ። የእነሱን ባለአክሲዮኖች ላይቭ ላይ የሚያነሳቸው የለም።

አማዞንም ቢሆን ዛሬ ከግማሽ በላይ ትርፉን የሚያገኘው ካርቶን ደጃፍ ድረስ በማድረስ አይደለም። የኮምፒውተር አገልግሎት ለኩባንያዎች በማከራየት ነው። «እቃ በኦንላይን የሸጠ ሁሉ ያተርፋል» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ እናቴ በር ልውሰዳችሁ።

ባለፈው ክረምት ገርጂ እናቴ ቤት ሳለሁ በአንድ የኦንላይን ሱቅ የውሃ ማፍያ አዘዝኩላት። ሞተረኛው ደወለ። «መብራት ኃይል ጋ ስትደርስ ደውል» አልኩት። ደወለ። «ወደ ግራ ታጠፍ፣ ሰማያዊ በር ነው።» አሁንም ደወለ፤ ሌላ ሰማያዊ በር አንኳኩቷል። ዝናቡ ይወርዳል። በመጨረሻ ውሃ እያንጠባጠበ ገባ። እናቴ ካርቶኑን ከፈተች፣ አገላብጣ አየችውና «የኔ ልጅ፣ ይሄማ ላስቲክ ነው። ሥዕሉ ላይ ብረት ነበር» አለች። ክፍያው ሲረከቡ ስለሆነ አንድ ሳንቲም አልወጣንም። ልጁ «እሺ እማማ» ብሎ ካርቶኑን መልሶ ጫነ። እናቴ ሻይ ጠጥቶ እንዲሄድ ብትለምነው ሌላ ሦስት እቃ ይጠብቀኛል ብሎ ወጣ።

ይህ ለሱቁ አንድ ትእዛዝ ነው። ቤንዚን ተቃጥሏል፣ የስልክ ካርድ ተበልቷል፣ የልጁ ሰዓት ሄዷል፣ የገባ ብር ግን የለም። እንዲህ ያለው ትእዛዝ በእጥፍ ሲጨምር ኪሳራውም አብሮ ይጨምራል። አማካሪ ነኝ ባዩ ግን «ትእዛዙ በየዓመቱ እያደገ ነው» ብሎ ያጨበጭባል። እድገቱን እየነገረ ሞተረኛው ከተከፈለው በኋላ ምን እንደሚተርፍ የማይነግር ሰው እያሳሳተ ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ጁሚያን በዚህ ሚዛን እዩት። ሌጎስ፣ ናይሮቢ፣ ካይሮ ላይ የሚነግድ ኩባንያ ነው። ያለ አድራሻ በር ፍለጋውን፣ ሲረከቡ መክፈሉን፣ «አልፈልግም መልሰው»ን አሳምሮ ያውቀዋል። በ2019 ኒው ዮርክ ላይ አክሲዮን ለሕዝብ ከመሸጡ በፊት እስከ 2018 መጨረሻ የተጠራቀመ ኪሳራው 862 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። ይህን ራሱ በሰነዱ ጽፎታል፤ ማንም አልደበቀም። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ደግሞ አግባብ ያልሆኑ፣ ታዘው በኋላ የተሰረዙ ግዢዎች እንደነበሩ ራሱ አመነ። ከካሜሩንና ከታንዛኒያ በ2019 ወጣ። ቀጥሎም ሩዋንዳን ለቀቀ። በ2024 ደግሞ ደቡብ አፍሪካንና ቱኒዚያን ለመልቀቅ ወሰነ። ይህ ነው የአፍሪካ አማዞን?

የአክሲዮኑ ዋጋ ጉዞስ? በ14.50 ዶላር ተሸጠ። በመጀመሪያው ቀን 25 አለፈ። ወር ሳይሞላው 49 ገደማ ደረሰ። በማርች 2020 ከ3 ዶላር በታች ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 ከ60 በላይ ወጣ። በ2022 መጨረሻ እንደገና 3 ዶላር አካባቢ። በዚህ ሁሉ መሐል ሰማያዊው በር ላይ ምን ተለወጠ? ምንም። የተለወጠው የገዢው ወሬ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለዚህ ነው።

ደግሞ ከማን ነው የምትገዙት? ኩባንያውን የወለደው የጀርመኑ ኩባንያ ሮኬት ኢንተርኔትና ትልቁ ባለድርሻ የነበረው የደቡብ አፍሪካው የስልክ ኩባንያ ኤምቲኤን ሁለቱም በ2020 ሸጠው ወጥተዋል። መጋዘኑንና ሂሳቡን ከውስጥ የሚያውቁት ጥለውት የሄዱትን ነገር፣ በሌሊት ኡበር የሚነዳ ወንድሜ ይሸከመው?

የላቲን አሜሪካው የኦንላይን ገበያ ሜርካዶሊብሬ አክሲዮኑን ቀድመው የገዙትን አበልጽጓል፤ እሱን አልክድም። የራሱን የክፍያ መንገድና የራሱን ማድረሻ ለዓመታት ገንብቶ ነው። ከዚያ ውጭ «ቀጣዩ አማዞን» የተባሉትን ስም ልቁጠር ብል ቦታ አይበቃኝም።

እኛ አክሲዮን ስንል የለመድነው የሀገር ቤት ባንክን ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ትርፍ ይከፋፈላል፣ እናት አባት ተጠርተው ይቀበላሉ። ጁሚያ እንዲህ ያለ ክፍፍል ሰጥቶ አያውቅም። የእናንተ ትርፍ ሌላ ሰው ከእናንተ በውድ ከገዛ ብቻ ነው የሚመጣው። ይህን ለአድማጭ ለመንገር አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሰውየው ሁለት ሰዓት ሲያወራ አላነሳውም።

ላይቩ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት «ወንድሜ፣ አንተስ ጁሚያን በስንት ገዛህ? አሁንም ይዘኸዋል?» ብላ ጻፈች። ጥያቄዋን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከዚያ «እሺ፣ ወደ ሚቀጥለው እንለፍ» አለ።