ሒሳቡን በሆዱ ለያዘ ባለሱቅ የቀረበ ውዳሴ

የድሬን፣ የድሬዳዋን ባለሱቅ ሳያመሰግኑ ማለፍ ግፍ ነው። በዚያች ሱቅ ልጅ አሳድጓል፣ ድሯል። ግን አንድም ቀን ቁጭ ብሎ «ለመሆኑ አትርፌያለሁ ወይስ ከስሬያለሁ?» ብሎ ራሱን አስጨንቆ አያውቅም። እንዲህ ያለ ጽናት ከየት ይመጣል? ሌላው ነጋዴ በየሳምንቱ ደብተር እያገላበጠ፣ ካልኩሌተር እየደበደበ እንቅልፍ ያጣል። የኛ ሰው ለጥ ብሎ ይተኛል። «ሥራ እንዴት ነው?» ስትሉት ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላችኋል። ክርስቲያኑ «ይመስገን» ይላችኋል። የዓመቱ ሒሳብ ተዘጋ ማለት ነው።

ሰነፍ ነው እንዳትሉ። ጊዜ የለውም። ጠዋት ሳይሞቅ ዕቃ ማምጣት አለበት። ረፋዱን ደንበኛ ይመጣል። ዓርብ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ በመሀሉ ለቅሶና ሠርግ አለ። ቀን 6 ሰዓት ገደማ ሲሆን ደግሞ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ከተማው በር ይዘጋል። ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ካልሆነ በስተቀር የሚታይ ሰው የለም። ከ9 ሰዓት በፊት የሚከፈት ሱቅ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል።

«ታዲያ ከዚያች ሦስት ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ለሒሳቡ ቢሰጥስ?» የሚል ነገረኛ አይጠፋም። ይህ ሰው ድሬ አላደገም። መጀመሪያ ምሳ አለ። ከምሳ በኋላ በርጫ አለ። በርጫ ላይ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቃም እንዳይመስላችሁ። ከባድ ግምገማ ነው ያለው። የአርሴናል መሀል ሜዳ ይገመገማል። የሳቢያን መንገድ ይገመገማል። የጎረቤት ሠርግ ከድንኳኑ ኪራይ እስከ በጉ ዋጋ ተዘርዝሮ፣ «ይሄ ሰው ገንዘቡን ከየት አመጣው?» በሚል ጥያቄ ይደመደማል። ምርቃናው ሲመጣ አዲስ ንግድም ይታቀዳል። ከጅቡቲ ዕቃ ይጫናል፣ ሁለተኛ ሱቅ ይከፈታል፣ ሠራተኛ ይቀጠራል። የመጀመሪያው ሱቅ ጉዳይ ብቻ ሰዓት ስለማይበቃ ለነገ ያድራል።

ቁጥር አይችልም እንዳንል ደግሞ ሰውየው የእድሩ ኦዲተር ነው። የእድር ሒሳብ በሚሰማበት ቀን እዩት። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያስቀምጣል። ጣቱን ምራቁ ላይ ነክሮ ገጹን ይገልጣል። «ባለፈው ዓመት ብርጭቆ 96 ነበር፣ ዘንድሮ 90 ይላል። ስድስቱን ማን በላው?» ገንዘብ ያዡ ያልበዋል። ተሰበረ ቢሉት ስብርባሪውን ያሳዩኝ ይላል። ለከሰል የወጣች 40 ብር ደረሰኝ የላትም ተብሎ ስብሰባው ግማሽ ሰዓት ይቆማል። እድርተኛው «የኛ ሰው ብር አያስበላም» እያለ ኮርቶበት ይበተናል።

በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ልጁ ከመሳቢያው 200 ብር ይመዛል። ለምን እንደሆነ አይጠየቅም፣ አይጻፍም። የልጅ ነገር ነው።

መሳቢያውም ራሱን የቻለ ምስጋና ይገባዋል። አንድ መሳቢያ ነው፣ የማይችለው ጉድ የለም። የዕቃ መግዣው እዚያ ነው። የቤት ኪራዩ እዚያ ነው። የዕቁቡ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የመብራቱ፣ የአማቱ መድኃኒት፣ የጫቱ ሁሉ ከዚያው ይወጣል። ባለቤቱ ለራሱ ደሞዝ አይቆርጥም፤ ሲያስፈልገው እጁን ይሰዳል። ማታ የቀረውን ያይና «ዛሬ ጥሩ ዋልን» ወይም «ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል» ይላል። ለምን ቆጥረህ አትጽፍም ብትሉት «ገንዘብ ሲቆጠር በረካው ይነሳል» ይላችኋል። በረካው ለእድሩ ገንዘብ ለምን እንደማይሠራ ጠይቄ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

የዱቤ ደብተሩን የማየት ክብር ደርሶኛል። ደብተር ስል የብስኩት ካርቶን ክዳን ማለቴ ነው። በእስክሪብቶም በእርሳስም ተጽፎበታል። «ረጅሙ ልጅ 180። ባጃጅ 65። የፋጡማ እናት ዘይት። የዛን ቀን ሰውዬ 300።» ዘይቱ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ በየትኛው ወር ዋጋ እንደሆነ ካርቶኑ አይናገርም። ረጅሙ ልጅ እስካሁን ጅቡቲ ገብቶ ይሆናል። «የዛን ቀን ሰውዬ» ግን የሚደነቅ ነው። ሰውየውም አይታወቅ፣ ቀኑም አይታወቅ፣ 300ው ብቻ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ከካርቶኑ በላይ ግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ተለጥፏል።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲመጣ ይህ ጥበብ ሊጠፋብን ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደከፈለ ሳይለፋ ይጻፍለታላ! ስጋቴ ከንቱ ነበር። ስልኩ ቦታ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚደመሰሰው የቴሌብር መልእክት ነው። የቲክቶኩ ቪዲዮ አይነካም።

ጥበቡ በደንብ የታየው ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ዕለት። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ባንክ ቤት ከ74 ብር በላይ ሆነ፣ ውሎ አድሮ 100ንም አለፈ። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ላይ ያሉ ደብተረኞች በየቀኑ «ይህን ብሸጥ በስንት እተካዋለሁ?» እያሉ ሲጨነቁ ከረሙ። የኛ ሰው አልተረበሸም። በ100 ብር የገዛውን በ130 ሸጠ፤ 30 ብር ትርፍ፣ ምን ይፈልጋል? ደንበኛው ከየሰፈሩ ጎረፈ። ሌላው ጋ 160 የገባው ዕቃ እሱ ጋ 130 ነዋ! እንደዚያ ወር ገበያ አይቶ አያውቅም። መደርደሪያው ሲሳሳ ደስ አለው፣ ሰደቃ አወጣ። ከዚያ ሊተካ ወደ አከፋፋዩ ሄደ። አከፋፋዩ 150 አለው። «ወርያ፣ አንተ ሌባ ሆነሃል!» ብሎት ተመለሰ። እስካሁን ድረስ የከሰረው በአከፋፋዩ ስግብግብነት ነው ብሎ ያምናል። ያን ወር ባሰበ ቁጥር ግን «እንደዚያን ጊዜ ያተረፍኩበት የለም» ማለቱን አልተወም። ሁለቱን አንድ ላይ ማመን የሚችል ጭንቅላት በዩኒቨርሲቲ አይገኝም።

መቼም ይህ ጠባይ ከአየሩ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰና የፈረንሳዮቹ ኩባንያ ገንዘብ አጠረው፣ ቆመ፣ በኋላም ከሰረ። መንገዱን አዲስ አበባ ያደረሰው ሌላ ኩባንያ ነው፤ እሱም በ1909 ዓ.ም.። ፈረንሳዮቹ ወጪያቸውን በየጊዜው እያዩ ቢጓዙ ኖሮ ባቡሩ እዚህ ለዓመታት ባልተገተረ፣ እኛም እንዲህ ባልደመቅን። ሒሳብ አለማየት ከተማ ያለማል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን አሁን የሚያሳስበኝ አንዳንድ ወጣቶች መበላሸታቸው ነው። ነምበር ዋን አካባቢ የመዋቢያ ዕቃ የምትሸጥ ልጅ አውቃለሁ። ሰኞ ሰኞ፣ በዚያ በሙቀቱ ሰዓት፣ በሯን ዘግታ ስልኳን ታጠፋለች። ግማሽ ሰዓት። መሳቢያው ውስጥ ያለውና የተሸጠው ይገጥም እንደሆነ ታያለች። ማን እንዳለባት ታያለች። የትኛው ዕቃ አቧራ እየጠጣ እንደሆነ፣ የትኛው ቢያልቅ በስንት እንደሚተካ ትጽፋለች። ወር ሲሞላ ኪራዩንና የራሷን ደሞዝ ቀንሳ የቀረውን ታሰምርበታለች። አንዴ ተሳስቼ «ሥራ እንዴት ነው?» አልኳት። «በሚያዝያ ሽቶው አክስሮኛል፣ ቅባቱ ነው የያዘኝ» አለችኝ። አይ ጊዜ! እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? ይመስገን የት ሄደ? ኸረ አቦ፣ ሰው ስለ ገዛ ሱቁ ይህን ያህል ካወቀ በምን ይገረማል?

የኛ ሰው ግን ይገረማል። በተለይ በሐምሌ። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ እሱ የሚነቃው ከዚያ በኋላ ነው። መዝገብ ለሌለው ሰው መንግሥት ግምት አለው። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ በየከተማው ሱቅ እስከ መዘጋት ደርሶ ነበር፤ ግምቱ የበዛበት ብዙ ነውና ቅሬታው አይፈረድበትም። ገማቹ በር ላይ ጥቂት ቆሞ፣ መደርደሪያውን አይቶ፣ ወረቀቱ ላይ ቁጥር ጽፎ ይሄዳል። ባለሱቃችን በዓመት ያልሠራትን ግምገማ በሩብ ሰዓት ሠራለት ማለት ነው። ያውም በነፃ። ምስጋናው ቀርቶ ጩኸት ይሆናል።

ቅሬታ ሊያቀርብ ሄደ አሉ። ጊዜ የሌለው ሰው ጠዋት ተሰልፎ ተራው ሲደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። የግብር ቢሮዋ ልጅ ቀና ብላ አየችው።

«የተገመተው በዝቷል ነው የሚሉት?»

«በዝቷል ወይ? ገደሉኝ እንጂ!»

«እሺ አባባ፣ ትክክለኛው የቀን ሽያጭዎ ስንት ነው?»

«እሱማ እንደ ቀኑ ነው።»

«በአማካይ ይንገሩኝ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

ልጅቷ ቅጹን ሰጠችውና «ቁጥሩን እዚህ ጋ ይጻፉ» አለችው። እስክሪብቶ ተበድሮ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ብዙ አሰበ። ከዚያ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዘንበል አለ።

«አንተ ስንት አልክ?»

ሰውየውም ቅጹን በእጁ ጋረደና «ቆይ፣ እኔም ከዚህኛው እያየሁ ነው» አለው።